በማን ብርሌ?

ባለፈው ክረምት «የኮምፒዩተር ኔትወርክ ለጀማሪዎች» የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። ሠልጣኞቹ የሒሳብ ሠራተኞች፣ የመዝገብ ቤት ሰዎች፣ ሁለት መምህራንና ጡረታ ለመውጣት ስድስት ወር የቀራቸው አንድ የንብረት ክፍል ሹም ነበሩ። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ለሥራው የተዘጋጀ ልጅ። ግድግዳው ላይ የመጀመሪያውን ሥዕል አበራና «አይፒ አድራሻ ማለት ልክ እንደ ቤት ቁጥር ነው» አለ። ሥዕሉ ላይ ሣር የለበሰ ግቢ አለ፣ ነጭ ቤት አለ፤ ከግቢው ፊት ለፊት ደግሞ በአንድ እግሩ የቆመ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ቀይ ባንዲራ ያለችው ሣጥን ይታያል።

ሹሙ እጃቸውን አወጡ። «ይቅርታ ልጄ፣ ያ የቆመው ነገር የንብ ቀፎ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አሠልጣኙም አብሮ ሳቀና «አይ ጋሼ፣ የፖስታ ሣጥን ነው። አሜሪካ ውስጥ ፖስተኛው በየቤቱ እየዞረ...» ብሎ ማስረዳት ጀመረ። እናላችሁ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል የተማርነው ስለ ኔትወርክ ሳይሆን ስለ አሜሪካ ፖስተኛ ሆነ። ቀይዋ ባንዲራ ስትቆም «የሚላክ ደብዳቤ አለ፣ ውሰድልኝ» ማለት እንደሆነች ሳይቀር አወቅን። ሊያስረዳን የመጣው ምሳሌ ራሱ አስረጂ ፈለገ ማለት ነው።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚል ሕዝብ ልጆች ነን። ያለ ምሳሌ ነገር አይገባንም፤ ሽማግሌ ሲያስታርቅ በምሳሌ፣ ቄስ ሲያስተምር በምሳሌ፣ ነጋዴ ሲያግባባ በምሳሌ ነው። ስለዚህ ኔትወርክን በምሳሌ ማስተማር አያስወቅስም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ብርሌው የማን ነው? ደግሞስ ስንጥቁ የት ጋ እንደሆነ ለጠጪው የነገረው ሰው አለ?

በመጀመሪያ ፍትሕ እናድርግ። የፖስታውን ምሳሌ ያ ወጣት አልፈጠረውም፤ የዘርፉ ሰዎች ራሳቸው ናቸው ከመነሻው ያወጡት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ፖል ባራን፣ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ዶናልድ ዴቪስ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደረሱ። ረጅሙን መልእክት በትናንሹ ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ አድራሻ ጽፎበት ለየብቻ መላክ፤ ከዚያም መድረሻው ላይ መልሶ መገጣጠም። ለቁራጩ «ፓኬት» የሚለውን ስም የሰጠው ዴቪስ ነው። ስሙን ሲመርጥ ወደ ሌሎች ቋንቋዎችም በቀላሉ የሚሻገር እንዲሆን የቋንቋ ሰው አማክሯል። ልብ በሉ፤ ሰውየው ገና ከጅምሩ ስለ ሌላው ሰው ቋንቋ ተጨንቋል። እኛ ግን ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም ከነሣሩ፣ ከነባንዲራው ነው የተረከብነው።

ፖስታ ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የፖስታ አገልግሎት በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ተጀምሯል። የኛ ፖስታ ግን ቤት ድረስ አይመጣም፤ ፖስታ ቤት ሄደን ከሣጥናችን እንወስደዋለን እንጂ። የቤት ቁጥርማ በራችን ላይ በቆርቆሮ ተጽፎ አለ፤ ግን በቁጥሩ ቤት ፈልጎ ያገኘ ሰው ታውቃላችሁ? ቁጥሩ ለመታወቂያና ለውል ነው የሚያገለግለን። እንግዲህ «አይፒ አድራሻ እንደ ቤት ቁጥር ነው» ሲባል፣ የአዲስ አበባው ተማሪ የሚረዳው ምንድን ነው? «ቅጽ ላይ የሚሞላ፣ ማንም ግን የማይጠቀምበት ነገር» ነው። ከዚያ ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ከፈተናው ማግሥት ይረሳዋል።

የሚገርመው ደግሞ ለዚሁ ነገር የተሻለ ምሳሌ በየቀኑ በእግራችን እየሄድንበት መሆኑ ነው። አንድ ወዳጃችሁ ጎሮ አካባቢ ቤት ሠራ እንበል። «እንዴት ልምጣ?» ስትሉት ቁጥር አይነግራችሁም። «ታክሲው መጨረሻ ላይ ውረድ፤ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ኮብልስቶኑን ይዘህ ግባ፤ አንድ ሱቅ አለ፣ እዚያ ጠይቅ» ይላችኋል። ባለሱቁ ቤቱን አያውቀውም፤ ግን «የዚያ ሠፈር ሰዎች ወደ ታች ናቸው፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ጠይቅ» ይላል። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ደግሞ «አረንጓዴው በር» ብሎ ይጠቁማል። ከሦስቱ አንዳቸውም ሙሉውን መንገድ ከመነሻ እስከ መድረሻ አላወቁም። እያንዳንዱ የሚያውቀው ከእሱ ቀጥሎ ያለውን መታጠፊያ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ደርሳችኋል።

ራውተር የሚባለው ዕቃ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው «ራውተር ማለት እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው» እየተባለ ስለሚማር፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከተማውን ሁሉ የሚያይ አለቃ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ አለቃ የለም። ኢንተርኔት ማለት በየመታጠፊያው ያለው ባለሱቅ «ወደዚያ ሂድ፣ ቀጥሎ ያለውን ጠይቅ» የሚልበት ዓለም ነው። አንዱ ሱቅ ቢዘጋ እንኳ በሌላ በኩል ጠይቆ መድረስ የሚቻለውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ስንጥቁን ማሳየት አለብኝ። እኛ መንገድ ስንጠይቅ ይደክመናል፤ ተናደን ወደ ቤት እንመለሳለን። ፓኬት አይደክመውም። ሁለት ራውተሮች ተሳስተው አንዱ ወደ ሌላው ቢጠቋቆሙ ለዘለዓለም ሲመላለስ ሊኖር ነው። ስለዚህ ሲነሣ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 64 እንበል። በእያንዳንዱ ራውተር ሲያልፍ አንድ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ሲሆን ይጣላል። የኛ ባለሱቅ እንዲህ ያለ ጭካኔ የለውም።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ፓኬቶቹ ነው። ከሳሪስ ወደ መገናኛ አርባ ሠርገኛ ይሄዳል እንበል፤ አውቶቡስ የለም፤ ያለው አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ብቻ ነው። በአራት ሚኒባስ ይከፋፈላሉ። አንዱ በቀለበት መንገድ፣ አንዱ በስታዲየም፣ ሌላው ሹፌሩ ባወቀው መንገድ ይሄዳል። መጀመሪያ የተነሣው መጨረሻ ሊደርስ ይችላል። ሙሽራው ደጃፍ ላይ ተቆጥረው፣ በቅደም ተከተላቸው ተሰልፈው ይገባሉ። በስልካችሁ ያነሣችሁት የሦስት ሜጋባይት ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። አንዱ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው እስከ 1500 ባይት ስለሆነ፣ ፎቶው ከ2000 በላይ ሆኖ ነው የሚጓዘው። ስንጥቁስ? ከአራቱ ሚኒባስ አንዱ መንገድ ላይ ቢቀር እነዚያ ሠርገኞች ቀሩ። በኔትወርክ ግን ላኪው ቅጂውን ይዞ ይጠብቃል፤ «ደርሷል» የሚል መልስ ካልመጣለት ያንኑ እንደገና ይልካል። የቀረውን አጎት ኮፒ አድርጎ የሚልክ ሠርግ እስካሁን አላየሁም።

ሦስተኛውን ምሳሌ የሰጡን ከሥልጠናው ሹሙ ናቸው። በሁለተኛው ቀን አሠልጣኙ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ሃምሳ ኮምፒዩተሮች እንዴት በአንድ አድራሻ ወደ ውጭ እንደሚወጡ ሲያብራራ ሰው ሁሉ ፈዘዘ። ሹሙ ታዲያ «ይኼማ የኛ ፖስታ ሣጥን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር፤ የሠራተኛው ሁሉ ደብዳቤ «በእገሌ መሥሪያ ቤት በኩል» እየተባለ በዚያው ይመጣል። ተላላኪው ያመጣዋል፤ መዝገብ ቤቷ ስሙን አይታ ለየባለቤቱ ታድላለች። ውጭ ያለው ዓለም የሚያውቀው ሣጥኑን ብቻ ነው።

በኔትወርክም ነገሩ የመጣው ከዕጥረት ነው። በ1981 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአድራሻ ሥርዓት በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል አድራሻ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ያኔ የማያልቅ መስሎ ታየ። የዓለም ሕዝብ ግን በ2022 ስምንት ቢሊዮን ሞላ፤ አንዳንዱ ሰውም ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ይዟል። ለየአህጉሩ የሚከፋፈለው ማዕከላዊ የአድራሻ ክምችት በ2011 አለቀ። ሰፋ ያለ አዲስ ሥርዓት ቢወጣም አሮጌው እስከ ዛሬ አብሮን አለ፤ እኛም ሣጥን እንጋራለን። ይህን የአሜሪካው ባለባንዲራ ሣጥን ሊያስረዳን አይችልም፤ እዚያ ሣጥኑ የአንድ ቤት ነዋ! የኛው አሮጌ ሣጥን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳን።

«ይህ ሁሉ የምሳሌ ክርክር ምን ያደርጋል? ጀማሪ ግምቱን ይያዝ እንጂ!» የሚል አይጠፋም። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን ሰው በምሳሌ ሲማር በምሳሌው ነው የሚወስነውም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2006 አሜሪካ ውስጥ ቴድ ስቲቨንስ የተባሉ አዛውንት ሴናተር፣ ኢንተርኔት የሚመለከት ሕግ ሲያከራክሩ፣ ኢንተርኔት የጭነት መኪና ሳይሆን የቱቦዎች ስብስብ ነው አሉ። ሠራተኞቻቸው ዓርብ የላኩላቸው መልእክት ማክሰኞ የደረሳቸውም ቱቦው በሌሎች ሰዎች ጭነት ስለተጨናነቀ እንደሆነ ተናገሩ። አገር ሳቀባቸው። እኔ ግን በቱቦው አልስቅም፤ መሐንዲሶቹም «ቱቦ» ይላሉ። የሚያሳስበኝ ሰውየው የንግድ ኮሚቴው ሊቀ መንበር የነበሩ መሆናቸው ነው። ሥዕሉ የት ላይ እንደሚያልቅ ሳይነገረው በሥዕል ብቻ የተማረ ሰው፣ ሕግ በሚረቀቅበት ጠረጴዛ ራስ ላይ ተቀምጧል።

እኛም ዘንድ ቱቦው ገንዘብ ያስወጣል። የማውቀው አንድ ቢሮ የቪዲዮ ስብሰባው እየተቆራረጠ ሲያስቸግረው «ቱቦውን እናስፋ» ተባለና መሥመሩን በእጥፍ ገዛ። ስብሰባው አሁንም ይቆራረጣል። ለምን? የመሥመር ስፋት አንድ ነገር ነው፣ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ሌላ። ትልቁ የከተማ አውቶቡስ አንድ ጊዜ መቶ ሰው ይጭናል፤ ግን ለመድረስ አንድ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። ሞተር ሳይክል የምትይዘው አንድ ሰው ነው፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ታደርሰዋለች። ፊልም ለማውረድ አውቶቡሱ ይሻላል፤ ፊት ለፊት ለመነጋገር ሞተሯ። አውቶቡሱ ላይ መቶ ወንበር ቢጨመርበት አይፈጥንም። ይህን ቀድሞ የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ገንዘቡን ከማውጣታቸው በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ባስለኩ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም እሱ ነውና።

አንዲት አክስት አለችኝ። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ባንኳን በስልኳ መጠቀም ስትጀምር ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ቡና እየጠጣን፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ፣ «አክስቴ፣ የሚስጥር ቁጥርሽ ማለት እንደ ቤት ቁልፍ ነው፤ ለማንም አትስጪ። ባንኩ ደግሞ በሩ ላይ ዘበኛ አለው፤ ፋየርዎል ይባላል፤ ሌባ አያስገባም» አልኳት። ገባት። ደስ አላት። እኔም «እንዲህ ነው ማስተማር!» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ ስሟን ከነአባቷ ጠራ፤ ትሕትና የተሞላ ነው፤ «እማማ፣ ከባንክ ነው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት። ለጣራዋ ማደሻ ብላ ከዕቁብ ያገኘችው ገንዘብ በዚያው ቀን ሄደ።

ስደርስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። «ልጄ፣ ቁልፉን እኮ አልሰጠሁትም» አለችኝ። «የሚስጥር ቁጥሬን ሲጠይቀኝ እንኳ የለም፤ ቢጠይቀኝ አልሰጠውም ነበር። ያነበብኩለት ያቺን የመጣችውን ቁጥር ብቻ ነው።»

ደጋግሜ ሳስበው፣ አክስቴ ያስተማርኳትን በትክክል ነው የፈጸመችው። ቁልፍ የሚያህለው የሚስጥር ቁጥሯ ነበር፤ እሱን ጠብቃለች። ደግሞም ቁልፍ ሲሰረቅ ከኪስ ይጎድላል፤ ባለቤቱ ያውቃል። የሚስጥር ቁጥር ግን ሲሰረቅም እናንተ ጋ አለ፤ ምንም የጎደለ ነገር አይታይም። ዘበኛውም ቢሆን የሚያግደው በር ሰብሮ የሚገባውን ነው፤ የቤቱ ባለቤት «እንግዳዬ ነው፣ አስገባው» ካለች በሩን ይከፍታል። ዘበኛው ከነዱላው አለ ብዬ ሳረጋጋት፣ ጥርጣሬዋን ነው ያስተኛሁባት። እነዚህን ሁሉ ስንጥቆች አውቃቸው ነበር። አልነገርኳትም፤ «ያደናግራታል» ብዬ። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ሲባል እየሰማን አድገን፣ የነቃውን ብርሌ ሞልቼ ሰጠኋት።

ያቺ ስድስት ቁጥር ቁልፍ ሳትሆን ፊርማ ናት ማለት ነበረብኝ። የባንክ ማውጫ ቅጽ ላይ እንደምትፈርሚው ያለች ፊርማ። በስልክ «እማማ፣ አንዴ ይፈርሙልኝ» የሚል የባንክ ሰው የለም። የዚህም ምሳሌ ስንጥቅ አለው፤ ፊርማ ዕድሜ ልክ አንድ ነው፣ ያቺ ቁጥር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ትሞታለች፤ «ቶሎ ይበሉ» እያለ የሚያጣድፋትም ለዚህ ነው። ይህችን ለመጨመር ሁለት ደቂቃ ነበር የሚበቃኝ።

የደብዳቤው ምሳሌም ተመሳሳይ አደጋ አለበት። «መረጃው እንደ ደብዳቤ ይላካል» ሲባል ሰው የታሸገ ኤንቨሎፕ ነው የሚታየው። ያልተመሰጠረ መልእክት ግን ፖስት ካርድ ነው፤ በመንገዱ ያለ፣ መሥመሩን መጥለፍ የሚችል ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ኤንቨሎፑ የሚታሸገው መልእክቱ ሲመሰጠር ነው። ያኔም ቢሆን ከላይ ያለው አድራሻ፣ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ይነበባል። በካፌ ነጻ ዋይፋይ ላይ ተቀምጦ የሚስጥር ጽሑፍ ለሚልክ ሰው፣ በፖስት ካርድና በታሸገ ኤንቨሎፕ መካከል ያለው ልዩነት የአስተማሪ ጌጥ አይደለም።

ታዲያ ምሳሌ ይቅር ወይ? አይቅር። ነገር ግን ከማንኛውም አስተማሪ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ምሳሌው ከተማሪው መንደር ይሁን። የጎንደሩ ገበሬና የቦሌው ተማሪ መንደራቸው አንድ አይደለምና፣ አሠልጣኝ ሥዕሉን ከማብራቱ በፊት ቢጠይቅ ይሻላል። ሁለተኛ፣ «እስከዚህ ድረስ ይመስላል፤ ከዚህ በኋላ አይመስልም» የሚለውን ሳይናገር አይለፍ። ሦስተኛ፣ ምሳሌው ሲያበቃ ራሱን ነገሩን ያሳይ።

ሦስተኛውን ያ ወጣት አሠልጣኝ በመጨረሻው ቀን አደረገው፤ ሳላመሰግነው አላልፍም። «ትሬስሩት» የሚባል ትእዛዝ አለ። ቅድም ያልኳችሁን የሚቀንስ ቁጥር በዘዴ ይጠቀምበታል፤ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት እያለ ይልካል፤ ፓኬቱን የጣለው ራውተር ሁሉ «እኔ ጋ አለቀበት» ብሎ መልስ ይሰጣል። አንዳንዱ ዝም ቢልም፣ መታጠፊያዎቹ በየመሥመሩ ይዘረዘራሉ። አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ አበራው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ መሥመሩ ወረደ፤ ከአገር ወጣ፣ ባሕር ተሻገረ። ሹሙ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሲያዩ ቆዩና «ባለሱቆቹ!» አሉ። ማንም አልሳቀም።

አክስቴ ጋ ባለፈው እሑድ ሄጄ ነበር። ጣራው እስካሁን ያፈሳል፤ ከበታቹ ሳፋ አስቀምጣለች። ቡናውን እየቀዳች «ያ ያልከኝ ዘበኛ ያን ለታ የት ሄዶ ነው?» አለችኝ። ሳፋውን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩና፣ በዚህ ጊዜ ከስንጥቁ ጀመርኩላት።